የሌሊት ሽሪምፕ ፍለጋ፦ የትኛው ዳይቭ፣ የትኛው መብራት፣ የትኛው ባህር?

ሌሊት ባህር ውስጥ ጠልቀው ብርቅዬ ሽሪምፕ (ብዙ እግርና ረጅም አንቴና ያለው ትንሽ የባህር እንስሳ) ማየት የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "የት ልሂድ?" ብለው ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ከእሱ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ አለ፦ የትኛውን ሽሪምፕ? ይህ ካልተመለሰ የዳይቭ (የመጥለቂያ) ቦታውን ዝርዝር፣ የመብራቱን ዓይነት፣ የካሜራውን ወሬ ስታዩ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ከተመለሰ ግን የቀረው ምርጫ ብዙ አያስቸግርም። ባህሩም፣ ሰዓቱም፣ የምትይዙት ባትሪም ከዚያ ይከተላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽሪምፖች ሌሊቱን የሚያሳልፉት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አንዳንዶቹ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ይውሉና ሲጨልም ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ሌላ እንስሳ ላይ ተሳፍረው ይኖራሉ። አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚውሉም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የባህር ወለል አይነኩም፤ ቀን ጥልቁ ውስጥ ውለው ሌሊት ወደ ላይ ይመጣሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዳይቭ አገኛለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የኮራል ግድግዳ፦ ከስንጥቅ የሚወጡት

ለጀማሪ ያለ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። ከ5 እስከ 15 ሜትር ባለ ጥልቀት፣ ስንጥቅና ጉድጓድ የበዛበት የኮራል ግድግዳ ወይም ቁልቁለት። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ አየር ይቆጥባል። ግድግዳው ከጎናችሁ ስላለም በጨለማ አቅጣጫ አይጠፋባችሁም።

እዚህ የሚጠበቁት ብዙ ናቸው። ሳሮን የሚባሉት ሽሪምፖች ሰውነታቸው በነጠብጣብ የተሞላ፣ ጸጉር የመሰለ ጉንጉን ያላቸው ናቸው። የወንዱ የፊት እግር በጣም ይረዝማል። ቀን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ሌሊት ግን ከስንጥቁ አፍ ላይ ይቆማሉ። ሲኔቶሪንከስ የሚባሉት ደግሞ ቀይ ናቸው፣ ዓይናቸው ትልልቅ ነው። ከራሳቸው ፊት የሚወጣው ሹል አፍንጫ መሰል ክፍል እንደ ማጠፊያ ይንቀሳቀሳል። አብዛኞቹ ሽሪምፖች ላይ ይህ ክፍል የማይነቃነቅ ስለሆነ መለያቸው ነው። ቀይና ነጭ መቀነት ያለው ስቴኖፐስ ሂስፒደስም እዚሁ ይገኛል። እሱ ብርቅዬ አይደለም፤ ከህንድ ውቅያኖስ እስከ ካሪቢያን ይታያል። ግን ነጫጭ ረጃጅም አንቴናዎቹ ከስንጥቅ ወጥተው ስለሚታዩ ዓይንን ለማለማመድ የሚሻል የለም። አንዱን ካያችሁ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ጥንዱ አጠገቡ ነው።

አሁን ዋናው ቁም ነገር ይምጣ። ሌሊት ሽሪምፕ የሚገኘው ሰውነቱን በማየት አይደለም፤ ዓይኑን በማየት ነው። የሽሪምፕ ዓይን ከኛ ዓይን በጣም ይለያል። ላዩ በጥቃቅን አራት ማዕዘን ክፍሎች የተሸፈነ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ከብዙ ክፍሎች የገባው ብርሃን ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ በጨለማ ለማየት የሚረዳቸውም ይኸው ነው። ይህ አሠራር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የሎብስተር ዓይንም እንዲሁ ስለሆነ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ሰዎች ሐሳቡን ወስደውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ወደ ህዋ የተላከው አይንስታይን ፕሮብ የተባለው የቻይና ሳተላይት የሚጠቀመው ይህንኑ ዘዴ ነው። እኔን ሁሌም ይገርመኛል። ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠች ጣት የማታክል ፍጥረት ያላት ዓይን ሰው ሰማይን የሚመለከትበት መሣሪያ ሆነ።

ለጠላቂ የሚጠቅመው ግን ሌላው ጎኑ ነው። ወደ ዓይኑ የገባው ብርሃን ከፊሉ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ እንደ ፍም ያበራል፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ሆኖ። ልብ በሉ፣ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ ባትሪው ነው። ባትሪውን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከያዛችሁት ነጸብራቁ ወደ እጃችሁ ይሄዳል እንጂ ዓይናችሁ ጋ አይደርስም። ባትሪውን ጆሮ ግንዳችሁ አጠገብ፣ ከማስኩ ጎን ያዙት። ለውጡ ወዲያው ይታያል። ባዶ የመሰለው ግድግዳ በጥንድ ጥንድ ነጥብ ይሞላል። ማንኛውንም ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ያስፈልጋል።

ተሳፋሪዎቹ፦ ሽሪምፑን ሳይሆን አስተናጋጁን መፈለግ

ሁለተኛው ምርጫ የተለየ አእምሮ ይጠይቃል። እዚህ ዓይናችሁ የሚፈልገው ትልቁን እንስሳ ነው። ኢምፐረር ሽሪምፕ የሚባለው ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ሌሊት ለማግኘት አንዱ መንገድ ስፓኒሽ ዳንሰር የተባለውን ዛጎል የሌለው የባህር ቀንድ አውጣ መፈለግ ነው። እሱ ቀን ይደበቃል፣ ሌሊት ይወጣል፣ እስከ 40 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ መልኩም ደማቅ ቀይ ነው። በቀይ ባህር የሌሊት ዳይቭ ላይ ከሚፈለጉት ዋነኞች አንዱ ነው። ካገኛችሁት ጀርባው ላይ ያለውን የጸጉር ዘለላ የመሰለ መተንፈሻውን ዙሪያ በቀስታ ተመልከቱ። ሽሪምፑ የተሳፈረበትን እንስሳ ቀለም ስለሚመስል ቶሎ ዓይን ውስጥ አይገባም። ይኸው ሽሪምፕ የባህር ኪያር በሚባሉት እንስሳት ላይም ስለሚኖር እነሱንም አትለፉ።

ኮልማን ሽሪምፕ ደግሞ የሚኖረው ፋየር አርቺን በተባለው እሾሃም እንስሳ ላይ ነው። ስሙ የተሰየመው ለአውስትራሊያዊው የባህር ተመራማሪና ፎቶ አንሺ ኔቪል ኮልማን ነው። ሽሪምፖቹ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው፣ እሾሁን ባራገፉበት ጠባብ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። እሾሁ መርዛማ ስለሆነ እጃችሁን አታስጠጉ። እንዲያውም የኮልማን ሽሪምፕ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ሌሊት መጥለቅ አያስፈልጋችሁም፤ ቀንም ይታያል። ሃርለኪን ሽሪምፕም እንዲሁ ነው። የባህር ኮከብ ብቻ አድኖ የሚበላ፣ ባለ ትልልቅ ነጠብጣብ፣ በጥንድ የሚኖር ነው። አንድ ቦታ ስለሚቆይ አስጎብኚዎች ቤቱን ያውቁታል። እነዚህን ሁለቱን ቀን አይታችሁ የሌሊቱን ሰዓት በሌሊት ብቻ ለሚወጡት ማዋል ብልህነት ነው።

በምርጫ ደረጃ ሳስቀምጠው፣ ይህ መንገድ ለትዕግስተኛ ሰው ነው። ብዙ እንስሳት አይታችሁ አንዱም ላይ ተሳፋሪ ላይኖር ይችላል። ሲገኝ ግን ከስንጥቅ እንደሚወጣው ዘሎ አይጠፋም። ሽሪምፑ ቤቱን ትቶ የትም ስለማይሄድ በደንብ ለማየት ጊዜ ይሰጣል።

አሸዋና ፍርስራሽ

ሦስተኛው ሰው ሁሉ "ምን አለበት?" የሚለው ባዶ የመሰለ የአሸዋ ወለል ነው። ጠላቂዎች መክ ዳይቪንግ ይሉታል። ቀን ተቀብረው የሚውሉ ፔኔይድ የሚባሉ ሽሪምፖች ሲመሽ ይወጣሉ፣ ዓይናቸውም በሩቁ ያበራል። ከብርቅዬዎቹ መካከል ደግሞ ዶናልድ ዳክ ሽሪምፕ አለ። የፊት ሹሉ እንደ ዳክዬ አፍ የተዘረጋ፣ ሰውነቱም በላባ መሰል ጉንጉን የተሸፈነ ነው። ሲቆም የበሰበሰ ቅጠል ይመስላል። ሄሪ ሽሪምፕ ከሁሉም ያንሳል፤ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ተንሳፍፎ የሚሄድ የአልጌ ብጣሽ እንጂ እንስሳ አይመስልም። እሱን ለማየት የውሃ ውስጥ ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ብትሄዱ አትጸጸቱም።

ይህን ዳይቭ የማስቀድመው ውሃ ውስጥ ሚዛኑን በደንብ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ወለሉ ላይ በክንፍ ጫማ አንድ ጊዜ መምታት አቧራውን ያስነሳዋል፤ በዚያ ሌሊት እዚያ ቦታ ሌላ ነገር አይታይም። በተረፈ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ሞገዱ የተረጋጋ ስለሚሆን አድካሚ አይደለም።

ክፍት ውቅያኖስ፦ ብላክዋተር

ይህ ለሁሉም አይደለም፣ በግልጽ ልናገር። ጀልባው ከታቹ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሜትር ጥልቀት ባለበት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መብራት የታሰረበት ገመድ ወደ ታች ይወርዳል። ጠላቂዎቹ በላይኛው 20 ሜትር አካባቢ ተንጠልጥለው ከጥልቁ የሚወጣውን ይጠብቃሉ። ዓይን የሚያርፍበት ወለል የለም፣ ግድግዳ የለም። የሃዋይዋ ኮና በዚህ ዳይቭ ስሟ የገነነ ነው፤ እዚያ ጠላቂዎች በየራሳቸው ገመድ ይታሰራሉ። በፊሊፒንስ አኒላኦ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመብራቱ ገመድ ዙሪያ በነጻ ይንሳፈፋሉ። የመጀመሪያ ሙከራችሁ ከሆነ መታሰሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ? እዚህ የሚታየው ሌላ ቦታ ስለማይታይ ነው። በየሌሊቱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የባህር እንስሳት ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሊነጋ ሲል ይመለሳሉ። በምድር ላይ ከዚህ የሚበልጥ የእንስሳት ፍልሰት የለም። ሰርጄስቲድ የሚባሉ መስታወት የመሰሉ ሽሪምፖች አብረው ይወጣሉ። የሽሪምፕና የሎብስተር እጮችም ይገኛሉ። እጭ ከአዋቂው ጋር መልኩ ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። ሴራታስፒስ የተባለውን ውሰዱ። ቀንዳም፣ ጋሻ የለበሰ፣ ጉድ የሚያሰኝ ፍጥረት ነው። ለሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው፤ ይገኝ የነበረውም በዋናነት በትልልቅ ዓሦች ሆድ ውስጥ ነበር። ወላጁ ማን እንደሆነ የታወቀው በ2012 በዘረመል ምርመራ ነው። የጥልቅ ባህር ሽሪምፕ እጭ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማወቅ 184 ዓመት ፈጀ። ብላክዋተር ላይ ፊታችሁ የሚያልፈው ነገር ስም ባይኖረው አትደነቁ።

በወለል ዳይቭና በክፍት ውቅያኖስ መካከል ያለ አማራጭ አለ፤ ቦንፋየር ዳይቭ ይባላል። ኃይለኛ መብራቶች ቁልቁለቱ ላይ፣ ከወለሉ አጠገብ ይተከላሉ። ከጥልቁ የሚመጣው ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል፤ እናንተ ግን ከስር መሬት አላችሁ። የእጮቹ ዓይነት ከክፍት ውቅያኖሱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ልባችሁ ግን ይረጋጋል፤ የተረጋጋ ሰው ደግሞ የበለጠ ያያል።

መጥለቅ ለማይችል ሰውም ቦታ አለ። ውሃ ሲሸሽ በዐለት መካከል የሚቀሩ ኩሬዎችን ሌሊት በባትሪ ማየት ይቻላል። ፓሌሞን የሚባሉት ሽሪምፖች ዓይን እዚያም ያበራል። ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ሳታውቁ አትሂዱ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

ነጭ፣ ቀይ ወይስ ሰማያዊ መብራት?

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቀይ መብራት የሚሻልበት ምክንያት አለ። የአብዛኞቹ ሽሪምፖች ዓይን በደንብ የሚያየው ሰማያዊና አረንጓዴ አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። ቀዩን ብዙም ስለማያዩት አይረበሹም። ግን ሁለት ችግር አለው። ውሃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሩቅ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የሌሊት ሽሪምፖች ራሳቸው ቀይ ናቸው። በቀይ መብራት ሲታዩ ከዙሪያቸው ጋር ይመሳሰላሉ። የማያስደነግጣቸው መብራት እነሱኑ ይደብቃቸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ አንዱን መምረጥ ሳይሆን በቅደም ተከተል መጠቀም ነው የሚያዋጣው። ፍለጋው በነጭ፣ ጠበብ ባለና ደብዛዛ ብርሃን ይሁን። ከ300 እስከ 500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል። ዓይኑ ሲያበራ ካያችሁ ጨረሩን ወደ ጎን አዙሩት፣ ወደ ቀይ ቀይሩ፣ ከዚያ ቀረብ በሉ። ሁለቱንም ቀለም የያዘ ባትሪ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ። ብዙ ሺህ ሉመን ያለው ሰፊ የቪዲዮ መብራት ለፍለጋ አይሆንም። ሁሉን ነገር በእኩል ያበራል፣ ሽሪምፑንም ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል።

ሰማያዊው መብራትና ከእሱ ጋር ማስክ ላይ የሚደረገው ቢጫ ማጣሪያ ሌላ ዓለም ነው። ኮራሉ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆኖ ሲያበራ ማየት በጣም ደስ ይላል። ለሽሪምፕ ፍለጋ ግን ሦስተኛ ደረጃ ነው የምሰጠው። አካባቢው ሁሉ ሲያበራ ትንሹ ነገር ይጠፋል።

ሰዓትና ጨረቃ

ገና ብርሃን ሳለ ገብቶ እስኪጨልም መቆየት ወይስ ከጨለመ በኋላ መግባት? ለግድግዳና ለአሸዋ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቦታውን በዓይን አይታችሁ ስለምትገቡ ሲጨልም አትደናገሩም፤ የቀኑና የሌሊቱ እንስሳት ፈረቃ ሲቀየርም ታያላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ጆሯችሁንም ስጡት። ያ የሚንጣጣው ድምፅ የተኳሽ ሽሪምፖች ነው። መቆንጠጫቸውን ሲዘጉ የምትፈጠረው አረፋ ስትፈነዳ ነው የሚሰማው። አቅጣጫውን ግን ለማወቅ አትድከሙ፤ ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር በአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ጆሮ ከየት እንደመጣ አይለይም።

ጨረቃ በግድግዳ ዳይቭ ላይ ያን ያህል አታሳስብም። ለብላክዋተር ግን ወሳኝ ናት። ጨረቃ ስትደምቅ ከጥልቁ የሚወጡት እንስሳት ዝቅ ብለው መቆየት ይቀናቸዋል። ጉዞ የምታቅዱ ከሆነ ጨረቃ የሌለችባቸውን ሌሊቶች ምረጡ።

የትኛው ባህር?

አሁን "የት ልሂድ?" የሚለውን መመለስ ይቻላል። የኢንዶኔዥያው ሌምቤ ወሽመጥ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። ለአሸዋ ወለል ሽሪምፖችና ለተሳፋሪዎቹ ከእሱ የሚስተካከል ቦታ ጥቂት ነው። አኒላኦ አሸዋውንም ብላክዋተሩንም በአንድ ጉዞ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ያለው ሰው እዚያ ቢሄድ እላለሁ። ኮና ለክፍት ውቅያኖስ ብቻ ከሆነ። ቀይ ባህር ለግድግዳውና ለስፓኒሽ ዳንሰሩ ነው። ውሃውም ጥርት ያለ ስለሆነ የመጀመሪያ የሌሊት ዳይቭን ያቀልለዋል።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ ስለ አስጎብኚው ጠይቁ። አንድ አስጎብኚ ለስንት ሰው? ቢበዛ ለሦስት፣ ለአራት ከሆነ ጥሩ ነው። ሽሪምፑን በዱላ ይነካል ወይ? የባህር ኮከብ እያመጣ ለሃርለኪን ይሰጣል ወይ? እንስሳን ከቤቱ አንስቶ ለፎቶ የሚያስቀምጥ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ላየንፊሽ የተባለው አዳኝ ዓሣ ደግሞ የጠላቂን ባትሪ ተከትሎ ማደን ይችልበታል። ከጎናችሁ እየዋኘ ከሆነ መብራታችሁን ሽሪምፑ ላይ አታቆዩት፤ ለአዳኙ እያሳያችሁለት ነው።

ካሜራ ወይስ ዓይን?

ለመጀመሪያዎቹ ዳይቮች ካሜራውን ጀልባው ላይ ተዉት። በሌሊት ሚዛን መጠበቅ፣ ጓደኛን አለማጣት፣ አየር መቆጣጠርና ዓይን መፈለግ በራሱ ሙሉ ሥራ ነው። ከለመዳችሁ በኋላ ትንሽ ኮምፓክት ካሜራ ብዙ ያስኬዳል። የኦሊምፐስ (አሁን ኦኤም ሲስተም) ቲጂ ካሜራዎች ማይክሮስኮፕ የሚባለው አሠራራቸው አንድ ሴንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሳል። ችግሩም ያው ነው፤ ያን ያህል ስትጠጉ ዓይናፋሩ ሽሪምፕ ይሸሻል። 100 ሚሊሜትር ያህል ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገር አጉልቶ የሚያነሳ) ያለው ትልቅ ካሜራ ከራቅ ብሎ ያነሳል፣ ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ለተሳፋሪዎቹ ኮምፓክቱ፣ ከስንጥቅ ለሚወጡት ረጅሙ ሌንስ። ለብላክዋተር ደግሞ አጠር ያለ፣ 60 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው ይመረጣል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር በረጅም ሌንስ ውስጥ ማስገባት ከባድ ነው።

ሁሉም ምርጫ ላይ የማይቀየሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሁለት ባትሪ በነፍስ ወከፍ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ባትሪውን ወለል ላይ በቀስታ ማክበብ "ደህና ነኝ" ማለት ነው፤ በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ማወናጨፍ "እርዱኝ" ነው። የጓደኛችሁ ፊት ላይ አታብሩ፤ ጨለማ የለመደ ዓይኑን ታጠፉበታላችሁ። ከዚያ ቀስ በሉ። ብዙ ግድግዳ ከመሸፈን አንዲት ስንጥቅ አጠገብ ቆይቶ መመልከት ይበልጣል።

የማታውቁት ሽሪምፕ ካጋጠማችሁ ከአንድ ቆንጆ ፎቶ ይልቅ ሦስት ጠቃሚ ፎቶ አንሱ። አንዱ ሙሉ ሰውነቱን ከጎን፣ አንዱ የፊት ሹሉንና መቆንጠጫውን፣ አንዱ የተቀመጠበትን ነገር። ዝርያ የሚለየው ባለሙያ የሚያየው እነዚህን ነው። አይናቹራሊስት የተባለው የእንስሳትና የዕፅዋት ፎቶ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ስትጭኑት ጥልቀቱንና ሰዓቱን ጻፉ፤ አስተናጋጅ እንስሳ ካለው የእሱንም ፎቶ ለብቻው አያይዙ።